ግቢ በኮሮና ዘመን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያኔ ሰባተኛ ክፍል የነበሩ ልጆች አሁን ግቢ (ዩኒቨርሲቲ) እየገቡ ነው። ያኔ ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) የነበሩት ደግሞ ተመርቀው ሥራ ይዘዋል፤ ያልያዙትም ሲቪ ይዘው ይዞራሉ። ሁለቱም ወገን ስለ 2012 እና 2013 ይጠይቃል። ታናሾቹ «እውነት ያን ያህል ወር ዝግ ነበር?» ይላሉ። ታላላቆቹ «ይሄን የዘገየ ጊዜ ለቀጣሪ ምን ብዬ ላስረዳው?» ይላሉ። ወላጆችም፣ ውጭ ያሉ ዘመዶችም የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው። ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። መልሶቹ ውስጥ የራሴም አስተያየት አለበት፤ የማይስማማ ይከራከረኝ።

ዩኒቨርሲቲዎች የተዘጉት መቼ ነው?

በአንድ ቀን አልተዘጉም። አገር ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው አርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ስብሰባና የስፖርት ውድድር ተከለከለ። ለ15 ቀን ነው የተባለው። ያን ጊዜ 15 ቀን ራሱ ረጅም መስሎን ነበር።

ዩኒቨርሲቲን በተመለከተ መጀመሪያ የተባለው ሌላ ነው። ክፍል ይቁም፣ ተማሪው ግን ከግቢ አይውጣ ነበር የተባለው። አንድ ሳምንት ገደማ እንዲህ ተቆየ። ከዚያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪው ወደ ቤተሰቡ እንዲሄድ ወሰነ። ግቢዎች ሻንጣ በሻንጣ ሆኑ።

መጀመሪያ ቆዩ ተብሎ ለምን ተመልሶ ሂዱ ተባለ?

ዶርም ኖሮ የሚያውቅ ሰው ይሄን አይጠይቅም። አንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ተደርድሮ አራት፣ ስድስት፣ አንዳንዴ ስምንት ሰው ይተኛል። በአንድ አልጋና በሌላው መካከል አንድ ሰው ሻንጣውን ከፍቶ ቁጭ ካለ ሌላው አያልፍም። ሻወርና ሽንት ቤት ለኮሪደሩ ሁሉ የጋራ ነው። ካፌ (የተማሪዎች መመገቢያ) የሚገባው በሰልፍ ነው፤ ሚል ካርዱን (የምግብ መታወቂያውን) ለማሳየት ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቆማል። «ሁለት ሜትር ራቁ» የሚለው ነገር እዚያ ሰልፍ ላይ ቀልድ ነበር።

ውኃውም አለ። በብዙ ግቢዎች ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጄሪካን ይዞ ታች መውረድ የዶርም ሕይወት አንዱ ክፍል ነው። በቀን አሥር ጊዜ እጅህን ታጠብ የሚባለው ይሄ ልጅ ነው።

ስለዚህ ማቆየቱ የሚያስኬድ አልነበረም። አንድ ሰው ቢያዝ ብሎኩ በሙሉ መያዙ ነው። ከዚያ ያንን ሁሉ ተማሪ የት ለይቶ ማቆየት ይቻላል? መላኩ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ጉድለቱ ከተላኩ በኋላ ነው።

ተማሪውን በየቤቱ መበተኑ በሽታውን አላሰራጨም?

በጊዜው ብዙ ሰው የፈራው ይሄንን ነው። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። መናኸሪያዎች ተጨናንቀው ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ማስክ ያደረገ በጣት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን ያን ሳምንት በመላው አገሪቱ የተመዘገበው ታማሚ ገና 20 እንኳ አልሞላም ነበር። አብዛኛው ከውጭ የገባ መንገደኛ ነው። ግቢዎች የበተኑት ቫይረሱ ሳይገባባቸው በፊት ነው ማለት ይቻላል። ወር ቆይተው ቢበትኑ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ደግሞም የዘገየ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። በቀናት ልዩነት ክልሎች አገር አቋራጭ ትራንስፖርት አቆሙ። መጋቢት 22 ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን መግቢያ መውጫቸው ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ዶርሞቹ በእነዚያ ወራት ባዶ ነበሩ?

አልነበሩም። ለይቶ ማቆያ ሆነዋል። በመጋቢት ወር ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ ይቆይ ሲባል፣ አቅም ያለው በራሱ ወጪ ሆቴል ገባ። ከሳዑዲ፣ ከጅቡቲ፣ ከሌሎችም አገሮች የተመለሱት ወገኖቻችን ግን የሆቴል ከየት ያመጣሉ? እነሱ የገቡት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ነው። አዲስ አበባም፣ ድሬዳዋም፣ ጅግጅጋም፣ ሰመራም እንዲህ ሆኗል። ሕክምናው በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀምሮ፣ በኋላ ሚሊኒየም አዳራሽም የኮቪድ ማከሚያ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የማይወራ ነገር አለ። ተማሪው ሲወጣ የተባለው 15 ቀን ነው። ስለዚህ ብርድ ልብሱን፣ መጽሐፉን፣ ባልዲውን ሎከር ውስጥ ቆልፎ ነው የሄደው። ዶርሙ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች) ዕቃውን እያወጡ፣ ስም እየለጠፉ፣ መጋዘን ውስጥ ከመሩት። ስንመለስ የመጀመሪያው ሳምንት ያለቀው የራስን ዕቃ የያዘውን ማዳበሪያ (ጆንያ) ፍለጋ ነው። ከሌላ ሰው ባልዲ ጋር የተመረቀ ሰው አውቃለሁ።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ምን አደረጉ? ዝም ብለው ተቀመጡ?

ዝም አላሉም፤ ይሄ በደንብ ሊነገርላቸው ይገባል። ሳኒታይዘር ከገበያ በጠፋበት ሰሞን የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪና የፋርማሲ መምህራን በየላቦራቶሪያቸው እያመረቱ ለሆስፒታልና ለአካባቢው ሰው አከፋፍለዋል። በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ሠርተው መናኸሪያ በር ላይ ያቆሙ የኢንጂነሪንግ ልጆች ነበሩ። ወደየቀዬው የተመለሰ ተማሪም ጄሪካንና ሳሙና ይዞ የታክሲ ተራ ላይ ሰው ሲያስታጥብ ነው የከረመው። ሁሉም አይደለም፤ ግን ቀላል የማይባል ቁጥር ነው።

ኦንላይን ትምህርት ነበር ወይስ አልነበረም?

ሁለቱም። የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች በኢሜይል፣ በቴሌግራም፣ አልፎ አልፎም በዙም እየተማሩ ቀጥለዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪውን በተመለከተ ግን ነገሩ «ያገኘህ አንብብ» ነበር። ትምህርት ተሰጠ ለማለት ይከብዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የክፍሉ ተወካይ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል። መምህሩ ሃንድአውት ፒዲኤፍ አድርጎ ይልካል። ተማሪው ያወርዳል፤ ወይም ለማውረድ ይሞክራል። አንድ 40 ሜጋባይት የሆነ ስካን የተደረገ መጽሐፍ በገጠር ኔትወርክ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋት 93 በመቶ ላይ «ፌይልድ» ይላል። የአጎቴ ልጅ ደቡብ ጎንደር ገጠር ውስጥ ነበር። ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ጫፍ ላይ አንድ የግራር ዛፍ አለ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ሥር ነው። ከብት እየጠበቀ ግሩፑን ያያል። ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ግን ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ፣ ብር ከፍሎ ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ተማሪ ነው፤ ሰኞ ማታ ባትሪው ሲያልቅ ገበሬ ይሆናል።

ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ከየክፍሉ ስንት ነው? ያለው እንኳ ግቢ እያለ ዋይፋዩን የሚጠቀመው በላይብረሪው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው። ግቢው ሲዘጋ ዋይፋዩም አብሮ ተዘጋ።

ኢንተርኔቱ ራሱ የሚቋረጥበት ጊዜም ነበር። ምዕራብ ኦሮሚያ ውስጥ ለወራት ተቋርጦ የነበረው አገልግሎት የተመለሰው መጋቢት 2012 ማብቂያ ላይ ነው። ሰኔ 22 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ደግሞ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በላይ። ዙም ከፍቶ መማር እንዲህ ባለ አገር የዕድል ጉዳይ ነው። መምህራኑን በዚህ መውቀስ ይከብደኛል። አብዛኞቹ ራሳቸው ከኪሳቸው ዳታ እየገዙ ነው የላኩት።

ተማሪው ቤት ቁጭ ብሎ ምን ሲሠራ ከረመ?

እንደ ቤቱ ነው። የገበሬ ልጅ አረሰ፣ አረመ፣ አጨደ። የከተማ ልጅ ሱቅ ጠበቀ፣ ሞባይል ጠገነ፣ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ገባ። ጥቂቱ ኮዲንግና እንግሊዝኛ ተማረበት። ብዙው ግን ጠበቀ። መጠበቅ ራሱ ሥራ ሆኖ ነበር።

የሚጠበቀው «ጥሪ» ነው። ግቢ መቼ ነው የሚጠራው? ጠዋት ሲነሱ ይሄው፣ ማታ ሲተኙም ይሄው። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የሐሰት ማስታወቂያ ይወጣል። ማኅተም አለበት፣ ቁጥር አለበት፣ የሬጂስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቤት) ፊርማ አለበት። ግማሹ ሻንጣ ያዘጋጃል። ማታ ላይ ዩኒቨርሲቲው በፌስቡክ ገጹ «የእኛ አይደለም» ይላል። ከዚያ የቀልዱ ጊዜ ይጀምራል።

የሴቶቹ ለብቻው መነሳት አለበት። ወንዱ ልጅ ቤት ሲመጣ እንግዳ ነው፤ ሴቷ ስትመጣ ግን ረዳት መጣች ተብሎ ነው። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የነበረች ልጅ ቀኗን እንዲህ ስትል ነግራኛለች፦ ጠዋት እንጀራ ጋገራ፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ የታናናሾቿ ልብስ፣ ከሰዓት ቡና። ቡናው ላይ የሚመጡት ጎረቤቶች ደግሞ «ትምህርቱ እንደሁ ቆሟል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላሉ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አግቢ ነው። እሷ ጸንታ ቆየች። አብረዋት ከነበሩት ውስጥ ግን ጥሪው ሲመጣ አራስ ቤት የነበሩ አሉ። እነዚህ ልጆች የኮሮና ታማሚ ተብለው የትም አልተቆጠሩም።

ስለዚህ ተማሪውን ከሁሉ በላይ የጎዳው በሽታው አይደለም ማለት ነው?

እኔ የማምነው እንደዚያ ነው። በሽታው ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። አገራችን ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው መያዙ፣ ከ7,500 በላይ ሰው መሞቱ ተመዝግቧል። ያልተመረመረው በዚህ ላይ ነው። መምህራን ሞተዋል፣ ሐኪሞች ሞተዋል፣ የብዙ ተማሪ አባትና እናት ሞተዋል።

ግን የ20 ዓመት ልጅን በሽታው ራሱ በአብዛኛው አልፎታል። ያላለፈው የግቢው መዘጋት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለድሃ ልጅ ክፍልና መምህር ብቻ አይደለም። አልጋ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ነው። ያኔ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው 15 ብር ነበር፤ ሽሮው ቀጠነ እያልን የምናማው እሱን ነው። መብራት ነው። የማንበቢያ ጠረጴዛ ነው። የሀብታም ልጅና የጫኝ ልጅ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፣ አንድ ወጥ ይበላሉ፣ አንድ ፈተና ይፈተናሉ። ግቢው ሲዘጋ ሁሉም ወደየራሱ ኑሮ ተመለሰ። አንዱ ዋይፋይ ያለበት ሳሎን ገባ፤ ሌላው ቻርጅ ወደሌለበት ቤት። ሲመለሱ ግን የሚጠብቃቸው ፈተና አንድ ነው።

በዚያ ላይ 2012 ለግቢ ከመጀመሪያውም ደግ ዓመት አልነበረም። ኮሮና ሳይመጣ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ብሔር ለይቶ ግጭት ነበር፤ ተማሪ ሞቷል፣ ብዙ ሺህ ተማሪ ግቢ ጥሎ ሄዷል። ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት ተማሪዎች ጉዳይ የሁሉም ወላጅ ሰቀቀን ነበር። ስለዚህ መጋቢት ላይ ልጁ ሻንጣውን ይዞ በር ሲያንኳኳ «ተመስገን» ያለች እናት ብዙ ናት። ኮሮናን ፈርታ ብቻ አይደለም።

ጥሪው የመጣው መቼ ነው? ስንመለስስ ምን ተለወጠ?

2013 ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተጠሩት ተመራቂዎች ናቸው፤ ጂሲ (የመጨረሻ ዓመት ተማሪ) ቅድሚያ ተሰጠው። ከዚያ በየተራ ሌላው። ምክንያቱ ቦታ ነው፦ ዶርም ውስጥ ሰው እንዲቀንስ በአንድ ጊዜ ሁሉም ተማሪ ግቢ እንዳይገኝ ተፈለገ።

በር ላይ ሙቀት መለኪያ አለ። ግንባር ላይ ይደግኑታል። ማስክ የሌለው አይገባም፤ ስለዚህ አንድ ማስክ ለሦስት ጓደኛ በአጥር ሲቀባበል አይቻለሁ። ክፍል ውስጥ በአንድ ዴስክ አንድ ሰው ነው። ይሄ ሁሉ የቆየው ለጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ ማስኩ አገጭ ላይ ወረደ፣ ቀጥሎ ኪስ ገባ።

ትምህርቱ ግን ተጨመቀ። በአንድ ሴሚስተር የሚሰጠውን በሳምንታት ጨርሱት ተባለ። ኮርስ በብሎክ ይሰጣል፤ አንዱን ጨርሰህ ፋይናል ትፈተናለህ፣ በማግስቱ ሌላው ይጀመራል። ሚድ፣ አሳይመንት፣ ፕሬዘንቴሽን ሁሉ በአንድ ላይ። ያን ጊዜ የተማርኩትን አስታውሳለሁ የሚል ሰው ካለ በርታ እለዋለሁ። ላብራቶሪ የሚጠይቁት ትምህርቶች የበለጠ ተጎድተዋል፤ ፒዲኤፍ አንብቦ ብየዳ አይለመድም።

ትግራይ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችስ?

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። መቀሌ፣ አክሱም፣ አዲግራትና ራያ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ልጆች ታሪካቸው ከኮሮና ያለፈ ነው። ስልክ ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ። ቤተሰብ የልጁን ድምፅ ሳይሰማ ወራት ቆየ። በ2013 ክረምት ወላጆች ልጆቻችን ይመለሱልን ብለው ወጡ፤ ከዚያም ተማሪዎች በአፋር በኩል በአውቶቡስ መጡ። የትግራይ ተወላጅ ተማሪውና መምህሩ ደግሞ እዚያው ቀረ፤ ትምህርቱም ለዓመታት ቆመ። የእነሱን የጠፋ ጊዜ በኮሮና ስም መመዝገብ ስህተት ነው።

በ2013 መጀመሪያ አዲስ ፍሬሽ አልገባም የሚባለው እውነት ነው?

በተለመደው ጊዜ አልገባም። የ2012 የ12ኛ ክፍል ፈተና በጊዜው አልተሰጠም። በታብሌት ይሰጣል ተባለ፤ ተማሪው ታብሌት ሲጠብቅ ከረመ፤ በመጨረሻ እንደ ድሮው በወረቀት የተፈተነው የካቲት 2013 ማብቂያ ላይ ነው። ውጤቱ ወጥቶ ምደባው እስኪነገር ሌላ ወራት። ስለዚህ ያ ባች በአንድ ፈተና ዝግጅት ብቻ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጠ።

የ2012 ፍሬሾችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የጋራ የፍሬሽማን ኮርስ በአዲስ መልክ የተጀመረው በእነሱ ነው። ሎጂክና ሳይኮሎጂ ገና ለመድን ሲሉ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ተቆረጡ።

ከታች ያሉትን ደግሞ አትርሱ። በ2012 ብዙው ክፍል ያለ ፈተና ነው ያለፈው። ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበሩት ልጆች በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተናን በየዩኒቨርሲቲው ገብተው የተፈተኑት ናቸው። ጥር ላይ ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። አገር ጉድ አለ። የኩረጃው በር መዘጋቱ ዋናው ምክንያት እንደሆነ አልክድም። ግን ያ ልጅ አሥረኛ ክፍልን በግማሹ ጥሎ፣ አሥራ አንደኛን በፈረቃ ተምሮ የመጣ ነው። ሰነፍ ትውልድ እያሉ ከመሳደብ በፊት ይሄን መቁጠር ደግ ነበር።

ውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችስ?

መጀመሪያ የቀመሱት እነሱ ናቸው። ውሃን ከተማ ጥር 14 ቀን 2012 ስትዘጋ እዚያ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሌሎች አገሮች ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን ሲያወጡ የእኛዎቹ «አውጡን» ብለው ጠየቁ፤ አልወጡም። የአገራችን አየር መንገድ ደግሞ ወደ ቻይና መብረሩን አላቋረጠም፤ ይሄ ያኔ ብዙ አጨቃጭቋል። ውሃን የተከፈተችው መጋቢት 30 ነው፤ እኛ አስቸኳይ ጊዜ ባወጅንበት ዕለት። ከቻይና የተመለሱ አራት ተማሪዎችም ጥር ላይ ተጠርጥረው ቦሌ ጨፌ ለብቻ ተቀምጠው ነበር። እዚህ መመርመሪያ ስላልነበረ ናሙናቸው ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነው ነፃ የተባሉት።

አሜሪካ ያሉት የደነገጡት ሰኔ 29 ነው። ትምህርትህ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ከሆነ አገር ልቀቅ የሚል መመሪያ ወጣ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሐምሌ 7 መመሪያው ተሻረ። ስምንት ቀን ናት፤ ግን ትኬት ዋጋ ሲያይ ያደረ ተማሪ አይረሳትም።

ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ እንዴት ሆኖ ነበር?

አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። መጨባበጥም ተከልክሎ ነበር። የሚያዝያ 11 ፋሲካ ምእመኑ በየቤቱ ሆኖ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ነው የተከታተለው። ረመዳንም ያለ ጀማዓ፣ ዒዱም ያለ ስታዲየም አለፈ። ታክሲ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ሆነ። ሰው በፌጦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ላይ ተረባረበ፤ ዋጋው ጣሪያ ነካ።

ሠርግ ይዘገያል፤ ሞት አይዘገይም። ከባዱ ለቅሶው ነበር። ድንኳን የለ፣ እድር ተሰብስቦ አያድር፣ ቀብር በጥቂት ሰው። ሐዘንተኛን በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ማለት እንዴት እንደሚሰማ የደወለ ያውቃል። ብዙ ሰው አልቻለበትም፤ በር ላይ ቆሞ እያለቀሰ ተመለሰ፣ ወይም ሕጉን ጥሶ ገባ። የገቡትን ለመፍረድ አልደፍርም።

ጥሩ ነገርም ነበር። «ማዕድ ማጋራት» ተብሎ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙና ተዋጣ። የቤት ኪራይ የቀነሱ፣ የተዉም አከራዮች ነበሩ። ከተማ ቀርተው ወደ ቤታቸው መሄድ ያልቻሉ ተማሪዎችን ያስጠጉ ቤተሰቦች አሉ።

በውጭ ዜጎች ላይ የደረሰውስ? የተጋነነ ነው ወይስ እውነት?

እውነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲስ አበባ ውስጥም ከዚያ ውጭም ቻይና የመሰለውን፣ ፈረንጅ የሆነውን ሁሉ «ኮሮና! ኮሮና!» እያሉ የጮሁበት፣ ከታክሲ ያወረዱት፣ ድንጋይ የወረወሩበትም ነበሩ። እንግዳ ተቀባይ ነን ስንል የኖርን ሰዎች ነን። በኋላ ይኸው ጣት ወደ ራሳችን ሰዎች ዞረ፤ ወደ ከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ከዓረብ አገር ወደተመለሱ እህቶች፣ ከለይቶ ማቆያ ወደወጣ ሰው።

ምርጫ የተራዘመው በእውነት በኮሮና ነው?

ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተይዞ ነበር። ምርጫ ቦርድ በወረርሽኙ ምክንያት ማካሄድ አልችልም አለ። የመንግሥት የሥልጣን ዘመን ሲያልቅ ምን ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥት ክርክር ሆነ፤ ትግራይ ጳጉሜን 4 የራሷን ምርጫ አደረገች፤ ከዚያ የሆነውን እናውቃለን። አገር አቀፉ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። ለማራዘም ምክንያት ነበረ፤ ሰበብም ነበረ የሚሉ አሉ። እኔ ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ። ቡና ላይ ያስጨቃጭቃልና እዚህ ልተወው።

ክትባትስ? ተማሪ ግድ ነበረበት?

የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኒካ ክትባት የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው። መስጠት የተጀመረው መጋቢት 4፣ ማለትም የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ በዚያው ቀን። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያ፣ ከዚያ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ነበር። ወጣቱ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በ2014 ዕድሜው 12 ለሞላ ሁሉ ተፈቀደ። ያን ጊዜ ተማሪው ኮሮናን ረስቶታል። የተከተበው ብዙው ውጭ ለመሄድ ካርዱን ፈልጎ ነው።

ለቀጣሪ እንዴት ላስረዳ?

አጭርና ግልጽ አድርገው። በ2009 የገባ የአራት ዓመት ተማሪ ሰኔ 2012 ላይ መመረቅ ሲገባው የተመረቀው 2013 አጋማሽ ላይ ነው። ይህ የተማሪው ጉድለት አይደለም፤ ባቹ በሙሉ እንደዚያው ነው። ሲቪህ ላይ የገባህበትንና የወጣህበትን ዓመት ጽፈህ ከጎኑ «በኮቪድ-19 ምክንያት የትምህርት ዘመኑ ተራዝሟል» በል፤ በቂ ነው። ውጭ አገር ለማመልከት ከሆነ ሬጂስትራር ሄደህ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጠይቅ። ትራንስክሪፕት ለማውጣት የምትሄድ ቀን አብረህ ብትጠይቅ ሁለት ጊዜ አትመላለስም። ክሊራንስህን (ከግቢው ዕዳ ነፃ መሆንህን የሚያሳየውን ወረቀት) እና የኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።

በዝግ ወራት ውስጥ የሠራኸው ነገር ካለ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራም ቢሆን፣ የአባትህን ሱቅ መጠበቅም ቢሆን፣ ጻፈው። የቀን ሥራ ሠርቼ ነበር ማለት አያሳፍርም። ቃለ መጠይቅ አድራጊው ራሱ ያን ዓመት የት እንደነበረ ያስታውሳል።